የአሮጌው አውቶሞቢል ራዲዮን

ከቀራንዮ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲጓዙ የጧቱን ዜና ከመኪናዎ ውስጥ ሊሰሙ ቢመኙ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን መኪናው ከጃፓን ያገለገለ እንደ ሆነ ራዲዮኑ የሚሹትን ጣቢያ ላያገኝ ይችላል። ምክንያቱም በዚያ አገር የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ76 ሜጋኸርዝ ስለሚጀምር፥ ብዙዎቹ የቀድሞ የመኪና ራዲዮኖች ከ90 በላይ አይቀበሉም። በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኤፍ ኤም አዲስ ግን የሚሰማው በ97.1፥ ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው ሸገርም በ102.1 ነው።

ይህን ለማቃናት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአንቴናውና በራዲዮኑ መካከል የሚገባ፥ ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ መለወጫ ነው፤ 16 የሚቀንስ ቢሆን 97.1 በ81.1 ላይ ይገኛል። ዋጋው ቀላል ነው፤ የድምፁ ጥራት ግን ሊጎድል ይችላል። ሁለተኛው ራዲዮኑን ጨርሶ መለወጥ ነው።

ሊለውጡ ከወሰኑ አስቀድመው ባትሪውን ይመልከቱ፤ የጥንቱ ቮልስዋገን ባለ 6 ቮልት ሊሆን ይችላል፥ ያሁኑ ራዲዮን ግን 12 ይፈልጋል። ድምፅ ማጉያ ቢጨምሩም ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ 240 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 20 አምፔር ይሆናል። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ሽቦውን አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ፥ ከባትሪውም አጠገብ የሚገባ ፊውዝ ያስፈልጋል። ሠራተኛውን «ፊውዙ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ድምፁ የሌላውን መኪና ጥሩምባና የእግረኛውን ጩኸት እስከ መሸፈን አይድረስ፤ ዜናውን ከመስማት ይልቅ በደኅና መድረስ ይበልጣልና።