የሕፃኑ አልጋ ባዶ ይሁን

ቡራዩ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ የሕፃን አልጋ ለሽያጭ ቆሟል። ውስጡ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዙሪያውን በሪባን የታሰረ የስፖንጅ መከለያ፣ ልብ የመሰለ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ አሻንጉሊት ድብ። አንዲት ነፍሰ ጡር ዓይኗን ከአልጋው ላይ መንቀል አቅቷታል። እናቷ ብርድ ልብሱን እየዳበሱ «ልጅ እንዲህ ሞቆት ነው የሚተኛ» ይላሉ። ምክሬን ቢጠይቁኝ እንጨቱን ብቻ ግዙ እላቸው ነበር።

ለሕፃን የሚበጀው መኝታ ባዶው ነው። ጠንካራ ሜዳ ፍራሽ፣ በላዩ ጥብቅ ብሎ የተወጠረ አንሶላ፣ ሕፃኑም በጀርባው። እስከ አንድ ዓመቱ ሌላ ምንም አይጨመርበት።

ይህ ለእኛ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ይብስ ይከብዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው በዚያ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ልጁን ብርድ እንዳይመታው አያት ጋቢያቸውን ያለብሱታል። ጋቢ ብቻውን አራት ድርብ ነው፤ ሲታጠፍ ስምንት ይሆናል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የሁለትና የሦስት ወር ልጅ ጋቢ ፊቱ ላይ ቢወጣበት በእጁ አይገፈውም፤ ትራስ ውስጥ አፍንጫው ቢሰምጥ አንገቱን አያዞርም። የተነፈሰውን አየር ራሱን መልሶ ይስባል፤ ኦክስጅኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ትልቅ ሰው ቢሆን ደንግጦ በነቃ ነበር፣ እሱ ግን ላይነቃ ይችላል። ሳያለቅስ፣ ሳይንፈራገጥ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ከአንድ እስከ አራት ወር ያለው ዕድሜ ከሁሉ ያሰጋል።

«በጀርባው ከተኛ ትውኪያው ያንቀዋል» የሚለው ስጋት የብዙ እናቶች ነው። አያንቀውም። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚውል፣ የተመለሰው ወተት ወደ ታች ወደ መጣበት ይወርዳል። በሆዱ ሲተኛ ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ያ ቡራዩ ላይ ያየሁት ዓይነት የስፖንጅ መከለያም እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አገር በሕግ ታግዷል።

ታዲያ ብርዱስ? ሙቀቱን ከአልጋው ላይ አንሥታችሁ ልጁ ላይ አድርጉት። እግሩ እንደ ከረጢት የተዘጋ፣ አንገቱና ክንዱ ልክ የሆነ የሌሊት ልብስ ከወፍራም ጥጥ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ቢጨመር ይበቃል፤ ሞቅ በምትለው ሰበታ ያነሰ፣ ሱሉልታ የበዛ ይሆናል። መሞቁን ለማወቅ እጁን አትንኩ፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳብሱ፤ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱ። ቤት ውስጥ ቆብ አድርጎ አይተኛ። ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማሞቅ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፣ ልጁንም እናቱንም ይገድላል።

ፍራሹን ስትገዙ መዳፋችሁን ተጭናችሁ አንሡ። ጎድጉዶ ከቆየ ተዉት፤ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ስፖንጁን በአልጋው ልክ አስቆርጡት፤ ከጠርዙ ጋር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ልጁ ሊቀረቀርበት ይችላል። ቋሚ እንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ሜትር ካልያዛችሁ የለስላሳ ቆርቆሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካሾለከ አናጢው ይጨምርበት።

በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ አልጋ የት ይገባል የምትሉም አላችሁ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለእናቶች የሕፃን ልብስ በካርቶን ትሰጣለች፤ ልብሱ ሲወጣ ካርቶኑ ራሱ ከታቹ ጠንካራ ፍራሽ ተነጥፎበት አልጋ ይሆናል። ቁም ነገሩ ልጁ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግን በራሱ መኝታ መተኛቱ ነው፤ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ አብሯችሁ ከተኛ ግን ትራስና ጋቢ ከአጠገቡ ይራቅ። «እንዳይወድቅ» ተብሎ በግድግዳ በኩል መደረጉም ይቅር፤ በፍራሹና በግድግዳው መካከል ይወድቃል። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

እናቶች፣ አያቶች፣ ዛሬ ማታ ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት ትራሱን አንሡለት።