ግላኮማ እና የዓይንና የራስ ቅል ግፊት

ግላኮማ የዕይታ ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት የዓይን በሽታ ሲሆን በእርሱ የጠፋ ዕይታ ተመልሶ አይመጣም። በአማርኛ በተለምዶ «የዓይን ግፊት» ይባላል። ስሙ የእውነቱን ግማሽ ይዟል። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ማለቱ ዋናው አጋላጭ ምክንያት ነው፤ በሽታው ግን በነርቩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንጂ ግፊቱ ራሱ አይደለም። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነርቫቸው ያልተነካ ሰዎች አሉ፤ ግፊታቸው ሲለካ «ደኅና» ተብለው ዕይታቸውን ያጡም አሉ። ለዚህ ልዩነት ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የሚገኘው ከዓይን ጀርባ፣ በራስ ቅል ውስጥ ባለው ግፊት ነው።

ከሌሎች በሽታዎች ጋር መምታታቱ

የአማራ ክልል ትራኮማ (የዓይን ማዝ) በስፋት ከሚገኝባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የዓይን ሕመም ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት ማዝና ሞራ ናቸው። ግላኮማን ከትራኮማ ጋር የሚያመሳስለው የስሙ አጨራረስ ብቻ ነው። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ እየቆየ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ የዓይንን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያን) ያስፍቃል፤ ያማል፣ ያስለቅሳል። ግላኮማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የተለመደው ዓይነትም አያምም። ቤት ለቤት የሚደረግ የትራኮማ ልየታ የሚያየው ሽፋሽፍትን ነው፤ ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ አያይም።

ከሞራ ጋር መምታታቱ ይበልጥ ይጎዳል። ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው፤ ሕክምናው ቢዘገይም ዕይታው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። «ሞራው እስኪበስል ይጠብቁ» የሚለው የቆየ ምክር ሞራ ላለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጊዜ ማባከን ነው፤ ግላኮማ ላለበት ሰው ግን የቀረውን ዕይታ ያስበላዋል። ሁለቱ በአንድ ዓይን ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። በኢትዮጵያ የግላኮማ ታካሚዎች ላይ በብዛት የሚታየው ፕሱዶኤክስፎሊየሽን፣ ማለትም በሌንሱ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚከማችበት ሁኔታ፣ የዓይንን ፈሳሽ መውጫ እየደፈነ ግፊት ያስነሣል፤ ሞራም ያፋጥናል። እንዲህ ያለ ሰው ሞራው ቢወገድለትም ነርቩ ቀድሞ ከተጎዳ የሚጠብቀውን ያህል አያይም።

ሦስተኛው መምታታት ከደም ግፊት ጋር ነው። የክንድ ደም ግፊት ልኬት ስለ ዓይን ግፊት አይናገርም፤ የደም ግፊት ኪኒን መዋጥም የግላኮማን ሕክምና አይተካም።

በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት

ከአይሪስ (የዓይን ቀለም ካለው ክፍል) ጀርባ ያለ ሕብረ ሕዋስ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር የሚደርስ ጥርት ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ እንባ አይደለም፤ ወደ ውጭ አይወጣም። በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፍና አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ማዕዘን ባለ ጥቃቅን ወንፊት ተጣርቶ ወደ ደም ሥር ይገባል። መውጫው ሲጠብ ምንጩ አይቆምም፤ ቦዩ እንደተደፈነ ገንዳ ውስጡ ይሞላል፣ ግፊቱም ይጨምራል።

በአብዛኛው አዋቂ ሰው ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። 21 የሚለው ቁጥር ከሕዝብ ልኬት ስታቲስቲክስ የመጣ እንጂ በሽታን ከጤና የሚለይ አጥር አይደለም። ግፊቱ በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል፤ ኮርኒያው ቀጭን በሆነ ሰው ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በጃፓን ታጂሚ ከተማ የተደረገ ታዋቂ ጥናት ማዕዘናቸው ክፍት የሆነ ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች 92 በመቶ የሚሆኑት በልኬት ከ21 እንዳላለፉ አግኝቷል።

ማዕዘኑ በድንገት ሲዘጋ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ዓይን ይቀላል፣ ኃይለኛ ሕመምና ማስታወክ ይመጣል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚሻ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ከወንፊቱ በስተጀርባ

የዕይታ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ያሉት ሲሆን ከዓይን የሚወጣው ላሚና ክሪብሮሳ በተባለ ቀዳዳ በበዛበት ሽፋን በኩል ነው፤ ስሙም ወንፊት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ነርቩ በእርግጥ የአንጎል ቅጥያ ነው። የአንጎል ሽፋኖች ይከተሉታል፤ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚከብበው ፈሳሽም እስከ ዓይን ጀርባ ድረስ አብሮት ይደርሳል። ስለዚህ ወንፊቱ በሁለት ግፊቶች መካከል የቆመ ስስ ግድግዳ ነው፤ ከፊቱ የዓይን ግፊት፣ ከኋላው የራስ ቅል ግፊት።

ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። የሁለቱም የዓይን ግፊት 16 ነው። የአንደኛው የራስ ቅል ግፊት 12፣ የሌላው 6 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ወንፊት የሚሸከመው ልዩነት 4፣ የሁለተኛው 10 ነው። የዓይን መለኪያው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። ልዩነቱ ሲሰፋ ወንፊቱ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ክሮቹ ይጨመቃሉ፣ በውስጣቸው የሚጓዘው ንጥረ ነገር ይታገዳል። የራስ ቅል ግፊት ሲጨምር፣ ለምሳሌ በዕጢ ወይም በማጅራት ገትር ምክንያት፣ ተቃራኒው ይሆናል፤ የነርቩ ጫፍ ወደ ዓይን ውስጥ ያብጣል። ይህ ግላኮማ አይደለም፤ ሐኪም ግን ሁለቱንም የሚያየው በዚያው በአንድ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ፣ በ2010 ደግሞ በቤጂንግ የወጡ ጥናቶች ከጀርባ በመርፌ በተወሰደ የፈሳሽ ልኬት የግላኮማ ታካሚዎች ግፊት ከሌሎች ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተዋል። ኋላ የተደረጉ ሁሉም ጥናቶች ግን አልተስማሙም። ልኬቱ የሚደረገው ሰው ጋደም ብሎ ሲሆን፣ ሲቆም የራስ ቅሉ ግፊት በብዙ ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ጠንካራ ቢሆንም ገና ማብራሪያ እንጂ የምርመራ መንገድ አልሆነም፤ ለግላኮማ ብሎ ጀርባን በመርፌ የሚወጋ ሐኪም የለም።

ለታካሚው ግን አሁኑኑ የሚጠቅም ትርጉም አለው። «ግፊትዎ ደኅና ነው» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም። ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ነርቩ ሲታይና የዕይታ ስፋት ሲለካ ነው በሽታው የሚታወቀው። የጎን ዕይታ ቀድሞ ስለሚጠፋና አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ ሰው ራሱ ቶሎ አይደርስበትም።

በኢትዮጵያ

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከምክንያቶቹ ሞራ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። የግላኮማ ድርሻ ትንሽ ቢመስልም ከሦስቱ ፈጽሞ የማይመለሰው እርሱ ነው።

ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በዚያው መንገድ ላይ ናት። በደሴ አካባቢ የዓይን ሕክምና የሚሰጠው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጎንደርና በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አሉ። ለሞራ አንድ ጊዜ መመላለስ ይበቃ ይሆናል። ግላኮማ ግን ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል፤ ለአንድ ገበሬ የጠብታው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመኪናውና የባከነው የሥራ ቀንም ወጪ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ብቻ የቆመ ሕክምና ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሕክምና

እስካሁን ሊለወጥ የሚችለው የዓይን ግፊቱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሕክምና እርሱን ይቀንሳል፤ ግፊቱ «ደኅና» ለሆነ ታካሚም ጭምር። በአንድ ትልቅ ጥናት እያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ቅናሽ በሽታው የመባባሱን ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ርካሹ ጠብታ ቲሞሎል ነው፤ አስም ያለበት ሰው ግን ሊጠቀመው አይገባም። በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሙከራ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት 31 በመቶው የታለመውን ውጤት አግኝተዋል። መንገድ ለራቀበት ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምናም አለ።

ለሚያሳክክ ዓይን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ተገዝቶ ለወራት የሚጨመር ዴክሳሜታዞንና መሰል ስቴሮይድ ጠብታ ራሱ የዓይን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሕፃናትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ከሁሉም በላይ ተጋላጭ የሆኑት ግን የታካሚው ወንድም፣ እህትና ልጆች ናቸው፤ አንድ ሰው ግላኮማ እንዳለበት ሲታወቅ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ የቅርብ ዘመዶቹ ምንም ባይሰማቸውም ነርቫቸው መታየት ይኖርበታል።