ላንቃ ከተሰፋ በኋላ ስለሚቀር ቀዳዳ

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን በሐኪም እጅ ተሰፍቶለት ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ የጠጣው ወተት እንደ ገና በአፍንጫው ሲወርድ የሚያዩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ «ሕክምናው አልያዘለትም» ብለው ልጁን እንደ ሆነ ይሁን ይሉታል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለዚህ ነው፤ ቀዳዳው ዳግመኛ ሊዘጋ ይችላልና።

ሐኪሞች ቀዳዳውን ፊስቱላ ይሉታል። በአገራችን ፊስቱላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በወሊድ ምክንያት በእናቶች ላይ የሚደርሰው ነው፤ ቃሉ ግን መገናኘት የማይገባቸውን ክፍሎች ለሚያገናኝ ቀዳዳ ሁሉ ያገለግላል። በዚህ ሕመም የሚገናኙት አፍና አፍንጫ ናቸው። የሚመጣውም ስፌቱ ሲወጠር፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወይም የተሰፋው ሥጋ በቂ ደም ሲያጣ ነው፤ እርግማን የሚሉትም ከንቱ ወሬ ነው።

እኛ መምህራን ይበልጥ የምናዝነው በንግግሩ ነው። «በ»ን ለማለት ትንፋሽ በአፍ ውስጥ ታፍኖ በከንፈር መውጣት አለበት። በቀዳዳው ወደ አፍንጫ ካመለጠ ግን ልጁ «አባ» ሲል «አማ» ያለ ይመስላል። «ሰ» እና «ሸ»ም ይደክማሉ፤ «መ» እና «ነ» ቀድሞውንም በአፍንጫ ስለሚነገሩ ብዙ አይጎዱም። ልጁ «ባባ» ሲል ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ቢያዝና ጉም ቢለብስ፣ ትንፋሹ እያመለጠ ነውና ለሐኪሙ ይነገር። ፊደል ሲቆጥር ጓደኞቹ የሚስቁበት ልጅ አእምሮው ብሩህ ሊሆን ይችላል።

ትንሽና ምንም የማያስቸግር ቀዳዳ ሳይነካ ሊተው ይችላል። የሚያስቸግረው ግን ጠባሳው እስኪለሰልስ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ያህል ተጠብቆ ይጠገናል። ሐኪሙ የቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ላይ ገልብጦ የአፍንጫውን ወለል ይሠራል፤ ከሥሩም ከላንቃው የተነሣ ሥጋ አንሸራትቶ ይሰፋበታል፤ እንደ ካባና እንደ ገበሩ ማለት ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ከጉንጭ ወይም ከምላስ ይወሰዳል። በምላስ ስለ መጠገን የሜክሲኮው ሐኪም ጌሬሮ ሳንቶስ እ.ኤ.አ. በ1966 ጽፎ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ከምላሱ የተነሣው ሥጋ ሳይለይ ከላንቃው ጋር ተሰፍቶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይና በኋላ ይቆረጣል። ለሕፃን ከባድ ትዕግሥት ነው!

በከፋ፣ በቡና ጫካዋ ስሟ ከታወቀው ከማንኪራ ለሚነሣ ቤተሰብ የቅርቡ በር ቦንጋ ያለው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያም ጅማ፣ ወይም የላንቃ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት የአዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። በበጎ አድራጊዎች እርዳታ ያለ ክፍያ የሚታከሙበት ጊዜ ስላለ መጠየቅ ይገባል። ቀጠሮው በቡና ለቀማ ወራት ላይ ቢውል እንኳ ከዘመድ አንዱ ለቀማውን ይያዝ፤ ልጁ ግን ይሂድ።

ከጥገናው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አጥሚት፣ ወተትና ለብ ያለ ሾርባ ይሰጠው። ቆሎና ደረቅ ቆጮ ይቅርበት፤ ጣትም ማንኪያም ወደ ላንቃው አይግባ፤ ከበላ በኋላ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ። ቀዳዳው ዳግመኛ ሊከፈት ስለሚችል ወላጆች ቀጠሮውን አይተዉ። የለመደው አነጋገርም በአንድ ቀን አይለቅምና ልምምድ ያሻዋል፤ በከፍኛ አፉን የፈታ ልጅ ልምምዱን በዚያው በእናቱ ቋንቋ ቢጀምር ይቀልለዋል።