ከጠፈጠፍ ወዲህ ያለ ትቢያ

በበጋ ቀን፣ ፀሐይ ወደ እኩለ ቀን ስትጠጋ፣ ከድንጋይ ቤት ግድግዳ ሥር ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን አጣማ የተጋደመች ዶሮ ያየ ከተሜ የታመመች ሊመስለው ይችላል። ዐይኗ ገርበብ ብሏል፤ አንድ እግሯ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ላባዋ ተንጨብርሯል። ጥቂት ቆይታ ግን አፈሩን በእግሯ ወደ ሆዷ ትጭራለች፤ ክንፏን እያርገበገበች ትቢያውን ወደ ጀርባዋ ትበትናለች፤ ራሷንና ጎኗን ከመሬቱ ታሻለች። ከዚያ ትገለበጥና በሌላው ጎኗ ትደግማለች። ሲበቃት ብድግ ብላ ሰውነቷን ስታራግፍ አቧራው ይቦናል። ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኩልመስክም ሆነ በሌላው የላስታ ቀበሌ ይህን አይቶ የሚደነግጥ የለም። ዶሮዋ ገላዋን እየታጠበች ነው።

አፈር እንዴት ያጸዳል? ዶሮ ከጭራዋ ሥር ቅባት የምታመነጭ ዕጢ አለቻት። በመንቆሯ ከዚያ እየቀዳች ላባዋን ትቀባለች። ቅባቱ ሲቆይ ይጠራቀምና ላባውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። የደቀቀ ደረቅ አፈር ይህን አሮጌ ቅባት ይመጥና ስትራገፍ ይዞት ይወርዳል። ላባዋ ተበታትኖ አየር ሲይዝ ሙቀቷን ይጠብቅላታል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት የላስታ ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለተባዩ ደግሞ ትቢያው ሌላ ጣጣ አለው። የቅማል ገላ ውኃው እንዳይተን በስስ ሰም ተሸፍኗል። ደቃቁ አፈር ሰሙን ይፍቀዋል ወይም ይመጠዋል፤ ቅማሉም ደርቆ ይሞታል። ስለዚህ እርጥብ አፈር ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው ዶሮ ትቢያ ላይ የምትንከባለለው ሲያሳክካት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ባህርይዋን አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ ዴንማርካዊው ክላውስ ቬስተርጎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ አፈር ያገኘች ዶሮ በአማካይ በሁለት ቀን አንዴ፣ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ያውም በአብዛኛው እኩለ ቀን ገደማ እንደምትታጠብ፣ የተከለከለች ደግሞ ስትለቀቅ የቀረባትን አብዝታ እንደምታካክስ አሳይቷል። ላባ የማያበቅሉ ዶሮዎች እንኳ ይህንኑ ያደርጋሉ። ወለሉ ሽቦ በሆነ ጎጆ የታጎረችውም ባዶ ሽቦ ላይ ተጋድማ፣ በሌለ አፈር ስትታጠብ ትታያለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጠባቡን የእንቁላል ዶሮ ጎጆ ሲያግድ ዶሮዎች የሚጭሩበት ጉዝጓዝ እንዲኖራቸው የደነገገው ያለ ነገር አይደለም። ለባለ ዶሮ ትርጉሙ ይህ ነው፦ መታጠቧ ተባይ አለባት ማለት አይደለም፤ አዘውትራ ስለታጠበች ብቻም ተባይ የለባትም አይባልም።

ታዲያ መታጠቧ ተባዩን በእርግጥ ይቀንስላታል? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ማርቲንና ሙለንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ቅማልና ደም መጣጭ ቅንቅን ላለባቸው ዶሮዎች አሸዋ ከሌላ ዱቄት ጋር የተቀላቀለበት ሣጥን ሰጧቸው። የአንዱ ዱቄት የጥንት ውኃ ውስጥ ደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት ነው፤ እንዲህ ያለው ነጭ አፈር በእኛም ስምጥ ሸለቆ፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ይገኛል። የሌላው ነጭ ሸክላ አፈር፣ የሦስተኛው ድኝ ነበር። በሣጥኑ የታጠቡት ላይ ተባዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ80 እስከ 100 በመቶ ቀነሰ። ሣጥኑ ሲነሳ ግን በሁለቱ አፈሮች የታጠቡት ላይ ተባዩ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። ድኙ ብቻውን ሣጥኑን ያልነኩትን የመንጋ ጓደኞቻቸውን ጭምር አጸዳ። እኔ ከዚህ የምወስደው ስለ ድኙ ያለውን አይደለም፤ ዐይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር ደጅ ላይ አይነሰነስም። የምወስደው ሣጥኑ ሲነሳ ተባዩ መመለሱን ነው። ትቢያ አንዴ ሰጥተው የሚረሱት መድኃኒት ሳይሆን በየቀኑ መኖር ያለበት ነገር ነው።

ደግሞም «ቅንቅን ፈጃት» ይባል እንጂ ተባዩ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅማል ዕድሜውን በሙሉ ዶሮዋ ላይ ይኖራል፤ ትቢያው በደንብ የሚያገኘውም እሱን ነው። ዶሮዋን ጭራዋን ገልጦ ከመውጫዋ ዙሪያ ያለውን ላባ ከሥሩ ማየት ነው፦ ብጫ ቢጤ ነገር ከብርሃኑ ሲሸሽ ከታየ ቅማል ነው፤ ከላባው ሥር ነጭ ጓል ተጣብቆ ከተገኘ እንቁላሉ ነው። ያን ጓል ትቢያ አያወርደውም። ስለዚህ ዛሬ የጸዳች የመሰለች ዶሮ ከሳምንት በኋላ እንደገና መታየት አለባት። ቀዩ ቅንቅን ግን ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም። በቆጡ እንጨት ስንጥቅና በግድግዳው ቀዳዳ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጣል። ለእሱ መፍትሔው ቆጡ ነው፦ እንጨቱን አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ መምረግ። የዶሮ መዥገርም ልማዱ ይኸው ነው። የእግሯን ቅርፊት የሚያሳብጠውና የሚያሻክረው ተባይ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚቆፍር አፈር አይደርስበትም፤ እግሯን አጥቦ ቅባት ወይም ቫዝሊን ደጋግሞ መቀባት ይሻላል። በዐይኗና በኩክኔዋ ዙሪያ ተጣብቆ የሚቀረው ቁንጫ ነገር ደግሞ ያስቃልም ያናድዳልም፦ ትሉ የሚያድገው በዚያው ደረቅ አፈር ውስጥ ነው። መታጠቢያዋ ሳይታደስ ከቆየ የቁንጫ መፈልፈያ ይሆናል።

ዶሮ ቦታውን ራሷ ትመርጣለች፤ ችግሩ ምርጫዋ ብዙ ጊዜ አዲስ የተዘራ የጎመን መደብ መሆኑ ነው። እሽ ብሎ ማባረር ለአንድ ሰዓት ይጠቅም ይሆናል። የሚሻለው ሌላ ቦታ መስጠት ነው፦ ከቤቱ ክዳን ሥር፣ ከጠፈጠፉ ወዲህ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ። ሁለት ሦስት ዶሮ የሚያስተኛ ስፋት፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት፣ ዙሪያውን ድንጋይ። ውስጡ የተነፋ ደረቅ አፈር፣ ጥቂትም የተነፋ አመድ። አመዱ በደንብ የበረደ የእንጨት ወይም የኩበት ይሁን፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት አይሆንም። አመድ ውኃ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላልና የረጠበውን አውጥቶ መጣል ነው። በየጊዜው አፈሩን ዝቆ መለወጥ ደግሞ ለዚያ ቁንጫ ነው።

በጋውን ሙሉ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ደጁ ራሱ ትቢያ ነው። ፈተናው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የላስታ ደጅ ጭቃ ይሆናል፤ ዶሮዎቹም ተጠጋግተው ቤት ስለሚውሉ ተባይ ካንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይተላለፋል። በሰኔ መግቢያ አንድ ሁለት ማዳበሪያ ደረቅ አፈር ነፍቶ ቤት ያስቀመጠ ሰው በዚህ ጊዜ ለትኋን የተገዛ መርዝ ዶሮ ላይ ለመርጨት አይገደድም። መርዙ ሥጋዋና እንቁላሏ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ዞሮ የሚበላው ባለቤቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምትታዘንላት የታቀፈችው ናት። 21 ቀን ሙሉ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ፣ በቀን አንዴ ለአጭር ጊዜ ብቻ ትነሳለች። በዚያች ጊዜ መብላት፣ መጠጣት፣ ኩሷን መጣልና መታጠብ አለባት። መታጠቢያው ሩቅ ወይም እርጥብ ከሆነ ሳትታጠብ ትመለሳለች። በሙቁ ጎጆ ውስጥ ቅማሉ ይበዛና እያሳከካት እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች፤ ብትዘልቅም ለተፈለፈሉት ጫጩቶች ታወርሳቸዋለች። ስለዚህ ከመታቀፏ በፊት ጭራዋ ሥር ይታይ፤ ከጭዱ በታች ጥቂት ደረቅ አመድ ይነስነስ፤ አንድ ገበቴ ትቢያም ከውኃዋና ከጥሬዋ አጠገብ ይቀመጥላት።