ከኦቶክሌቩ በፊት ያለው ሥራ

የቀዶ ጥገና ሐኪም የሚጨብጠው መቀስ እጁ ላይ እስኪደርስ ድረስ የብዙ ሰው ድካም አለበት። በየሆስፒታሉ መሣሪያ የሚታጠብበት፣ የሚመረመርበት፣ የሚጠቀለልበትና የሚመክንበት ክፍል አለ፤ ባለሙያዎቹ ባጭሩ «ሲኤስአር» ይሉታል። ታካሚ አይገባበትም፣ ጠያቂም አያውቀውም። የታካሚው ቁስል መመርቀዝ አለመመርቀዙ ግን በከፊል የሚወሰነው እዚያ ነው።

ስለዚህ ክፍል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ኦቶክሌቭን ነው፤ በግፊት የታመቀ እንፋሎት ተህዋስያንን የሚገድልበትን ማሽን። እኔ ግን ትልቁ ችግር ያለው ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት፣ እጥበቱ ላይ ነው እላለሁ። እንፋሎት የሚገድለው የደረሰበትን ብቻ ነው። በፎርሴፕስ ማጠፊያ ውስጥ የደረቀ ደም ድስት ላይ እንዳረረ ሽሮ ይጣበቃል፤ ከሥሩ ያለውን ተህዋስም ከእንፋሎቱ ይከልለዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ እንዳይደርቅ እርጥበቱ ተጠብቆ መምጣት፣ ሊፈታ የሚችለው ተፈትቶ፣ ማጠፊያው ተከፍቶ፣ ቀዳዳው በልኩ በተሠራ ብሩሽ መታሸት አለበት። ቀጣዩ ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ «መሣሪያ ቶሎ አምጡ» ሲባል መጀመሪያ የሚያጥረው ይኸው ሥራ ነው።

በአገራችን የጤና ተቋማት ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ሌላ ልማድም አለ፤ መሣሪያውን ከማጠብ በፊት 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውህድ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ። የታሰበው የሚያጥበውን ሠራተኛ ከበሽታ ለመጠበቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን ይህን አይመክርም። ደም ክሎሪኑን ያደክመዋል፤ ክሎሪኑ በበኩሉ ብረቱን ይበላዋል፤ በተበላው ብረት ስርጉድ ውስጥም ቆሻሻ ይደበቃል። ሽታው ደግሞ የሠራተኛውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሠራተኛውን የሚጠብቀው ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ውሃ የማያስገባ ሽርጥ ነው። እነዚህን ሳያቀርቡ «ክሎሪኑን ተዉ» ማለት ግን ተገቢ አይደለም።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች የተለየ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ዲግሪ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው 15 የሚገኘው ግን ወደ 117 ነው፤ 121 ለማድረስ መለኪያው 19 አካባቢ መድረስ አለበት። በግፊት መለኪያ ብቻ በሚሠራ አሮጌ ኦቶክሌቭ፣ ከውጭ የመጣውን የአጠቃቀም መመሪያ ቃል በቃል የተከተለ ትጉህ ሠራተኛ ሳያውቀው ያልመከነ መሣሪያ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ከሚችለው ግፊት ሳያልፉ፣ ዋናው መታየት ያለበት ቴርሞሜትሩ ነው።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ዑደቱ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ የቀረውን ደቂቃ መሙላት አይበቃም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅልም እንዳልመከነ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው ማሽኑን ከልክ በላይ ማጨቅ ነው።

በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ቀለሙ መቀየሩ ብዙዎችን ያዘናጋል። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ነው። እንፋሎቱ መሃል ድረስ መግባቱን ለማወቅ ጥቅሉ ውስጥ የሚቀመጥ ጠቋሚ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ በርግጥ መግደሉን ለማወቅ ደግሞ ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች አብረው ገብተው መሞታቸው ይፈተሻል።

ይህ ፈተና የወደቀ ቀን መዝገቡ ይፈለጋል። በየጥቅሉ ላይ ቀኑ፣ የማሽኑና የዙሩ ቁጥር ከተጻፈ፣ ቁጥሩም በታካሚው ካርድ ላይ ከሰፈረ፣ ያልተከፈቱትን ጥቅሎች ከመደርደሪያ መሰብሰብ፣ በተከፈቱት የታከሙትንም ሰዎች ጠርቶ መከታተል ይቻላል። ካልተጻፈ ግን የትኛው ጥቅል ለየትኛው ታካሚ እንደተከፈተ የሚነግር ሰው አይኖርም።