ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች፦ ጽሑፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ተከራይታችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ጉግል ላይ 30 ዶላር የሚጠይቃችሁን የጥናት ጽሑፍ አትግዙ! መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ የሂናሪን የይለፍ ቃል ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ አገልግሎት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን ይከፍታል፤ የሳይኮሎጂና የአእምሮ ጤናም አሉበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን መፈለጊያ ቃሉ ላይ ነው። ጫትና ጭንቀትን ልታጠኑ ነው እንበል። እንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ጫት አንዴ በ“ኬ”፣ አንዴ በ“ኪው” ይጀምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ “ቻት” ብሎ ይጽፈዋል (ይሄኛው ብቻውን ከገባ የኢንተርኔት ወሬ ጥናት ይጎትትባችኋል)። ሁሉንም በ“ኦር” አያይዛችሁ ቅንፍ ውስጥ ክተቱ፣ ከዚያ በ“ኤንድ” ኢትዮጵያን ጨምሩ። “ስትረስ” ብቻም አትበሉ፤ የአገራችን ተመራማሪዎች የሚያዘወትሩትን “ኮመን ሜንታል ዲስኦርደርስ” በትእምርተ ጥቅስ ሞክሩ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመውን ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስንም አትዝለሉ፤ በነፃ ይነበባል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ማጣቀሻዎቹን ወደኋላ ተከተሉ። መጠይቅ ስትመርጡ ደግሞ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተፈተሸ መሆኑን እዩ፤ አማካሪዎቻችሁ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።