ለፍቅር የሚገዛ አሮጌ አውቶሞቢል እንዴት ይመረጣል?

የስንዴው መኸር በኮምባይነር ታጭዶ፣ እህሉ ተሽጦ፣ ሒሳቡም ከተዘጋ በኋላ፣ በገሰራ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት የእህል ነጋዴ ወደ መደብሬ መጣና፦ «ጋሼ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ፣ ለልጆቹም ትምህርት የሚሆነውን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ከዚያ በተረፈው ገንዘብ አንድ አሮጌ መኪና ገዝቼ በትርፍ ጊዜዬ በገዛ እጄ ላድሳት አስቤአለሁ። እንደ ልብ የማትገኝ፣ ስታልፍም ሰው ዞር ብሎ የሚያያት እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ ዋጋዋ ግን ከአቅሜ እንዳያልፍ። የትኛዋን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጋዜጣ የንግድ ሰው የሚያነበው ስለ ሆነ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር የሚገዛ ዕቃ በዚህ ዓምድ መወሳቱ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል። ይሁን እንጂ የወጣቱ ገንዘብ የአንድ ዓመት ድካም ፍሬ ነው፤ በአንድ ቀን ችኮላ ወደ ዝገት ሊለወጥም ይችላል። ደግሞም አንድን ዕቃ ከነጉድለቱ መርምሮ ተገቢውን ዋጋ መስጠት የነጋዴ ዋነኛ ሙያ እንጂ ሌላ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ገበያው ሁናቴ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚህም ምክንያት አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ምርጫው ቀድሞውኑ አገር ውስጥ በገቡት ላይ ተወስኖአል ማለት ይቻላል። በየግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተጥሎ የዶሮ ማደሪያ የነበረው ሁሉ ዛሬ ባለቤቱ ዋጋ የሚጠራበት ሆኖአል። ሻጩ ሲነቃ ገዢው ካልነቃ ጉዳቱ የታወቀ ነው።

እኔም በጎልማሳነቴ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ «ሰይቼንቶ» የሚላትን፣ በአንድ ዘመን በሰማያዊና በነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ከተማውን ያጥለቀለቀችውን ፊያት 600 ገዛሁ። ቀለሟ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሞተሯም ሲነሣ እንደ ስፌት መኪና የሚዘምር ነበር፤ ልቤ የጠፋው በዚሁ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ከእግሬ ሥር ውሃ አገኘሁ። ምንጣፉን ገልጬ በካቻቪቴ ብነካው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ከሥር የነበረው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበረ፤ ከስቱኮውም ሥር ፊደሉ ገና የሚነበብ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። ስም ለማዛወር በሄድሁ ጊዜ ደግሞ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ከተጻፈው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። መኪናይቱን በመጨረሻ በመለዋወጫነት በትኜ ሸጥኋት፤ የተመለሰልኝም ገንዘብ ጎማዋን እንኳ የሚገዛ አልነበረም። ስለዚህ ለወጣቱ ወዳጄ የሰጠሁት የመጀመሪያ ቃል፦ «ሞተር ለመስማት አትሂድ፤ ወለል ለማየትና ወረቀት ለማንበብ ሂድ» የሚል ነበረ።

ከዚያም ስለ ዐይነቱ ተነጋገርን። ላንድሮቨርን አነሣ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ከጦርነቱ በኋላ የብረት ላሜራ በጠፋበት ጊዜ እንግሊዞች አካሉን ከአሉሚኒየም ቅልቅል ስለ ሠሩት አካሉ ዝገትን ይቋቋማል፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ከውስጥ ይበላል። የሚፈልገውም ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ ጤነኛው በወጣቱ አቅም የሚቀመስ አይደለም። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የገባው ዋዝ ርካሽ ነው፣ ጭቃም አይፈራም፤ ነገር ግን 2.4 ሊትር የሚሆነው ሞተሩ ለመቶ ኪሎ ሜትር እስከ 17 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ በመሆኑ ለመጫወቻነት የሚከብድ እንግዳ ነው። ላዳም መልካም ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት ስትጀምር ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች ብትሆንም፣ ሩሲያውያን ለመጥፎ መንገድ ብለው ላሜራዋን አወፍረው፣ ከመሬትም ከፍ አድርገው ሠርተዋታል። መለዋወጫዋ በመርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ለሥራ የሚሆን መኪና ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ባላለፍንም ነበር፤ ዳሩ ግን የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ዘመናት የቆየችን መኪና ማን ዞር ብሎ ያያታል?

የወጣቱ ልብ በቮልስዋገን፣ ማለት «ቮልስ» በምንላት ባለ ጉብታዋ ላይ ነበረ፤ እኔም በመጨረሻ በዚችው ተስማማሁ። የታሪኳ ነገር ለብቻው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዐይነት ትንሽ መኪና እንደ ሆነ ያልሰማ የለም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ወጣች፣ ፋብሪካዋ ከተዘጋም በኋላ መለዋወጫ የሚሠራላት አልታጣም። እኔን ያሳመነኝ ግን ታሪኳ አይደለም፤ አሠራሯ ነው።

የቮልስ ሞተር በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከዚያም ከፍ ብላ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወጣቱ አንድ ቀን ሊወጣው ወደሚመኘው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ሲደረስማ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አሮጌ ራዲያተርና ያረጀ የራዲያተር ክዳን ያለው መኪና በዚያ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን የጭነት መኪና ባለቤቶቻችን ያውቁታል። ቮልስ የሚፈላ ውሃ የላትም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ ኃይሉም ይቀንሳልና ሹፌሩ ማርሹን ቀንሶ ቀስ ብሎ መውጣት ይገባዋል። ጉልበትም ይቀንሳል፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1200ዋ በገሰራ ደጋ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እንደምታጣ ማሰብ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቆየ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጦ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል። ይህን ማስተካከል ለአዋቂ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ወርደን ሁለት ቮልሶች አየን። የመጀመሪያይቱ ሰማያዊ ነበረች፤ ቀለሟ ፊት ያሳያል፣ ሞተሯም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ወጣቱ ወዲያው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፤ በሩ ሲከፈት ወደ ታች ዝቅ ይላል፣ ሲዘጋም ከላይ ያለው ክፍተት ከታቹ ይሰፋል። በዚች መኪና ከበሩ ደፍ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት ሁለት ቦዮች ሞቅ ያለውን አየር ከሞተሩ ወደ ተሳፋሪው ከማምጣታቸውም በላይ፣ አካሉን ከወለሉ ጋር አስተባብረው የሚይዙ አጥንቶች ናቸው። የሚበሉት ከውስጥ ስለ ሆነ ከውጭ ምንም አይታይም። በመሐረብ የጠቀለልሁትን ማግኔት ደፉ ላይ ባስጠጋው ጊዜ በሦስት ቦታ አልያዘልኝም፤ ስቱኮ ማግኔት አይስብምና። ቀጥሎ የኋላውን መቀመጫ አነሣሁ። የቮልስ ባትሪ ከዚያ ሥር በስተ ቀኝ ይቀመጣል፤ የሚያፈስሰውም አሲድ ወለሉን ይበላል። ያገኘሁት ወለል ሳይሆን ከላይ የተጣለ የቆርቆሮ ቁራጭ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ቢቆምበት እግሩ አስፋልት ይረግጣል።

ሁለተኛይቱ በአንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆማ የነበረች፣ ነጭ ቀለሟ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ የደበዘዘ ባለ 1300 ናት። ሞተሯ ፈጽሞ አይዞርም። ከሥሯ ገብቼ በካቻቪቴ ወለሏን ከዳር እስከ ዳር ነካካሁት፤ ጠንካራ ድምፅ ሰጠኝ። ከባትሪው ሥር መዳፍ የሚያህል ዝገት አለ፤ ይህ ለባቲላሜራ የአንድ ቀን ብየዳ ነው። በሮቿ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝጊያ ክብድ ብለው ልክ በልክ ይገጥማሉ። ከኋላ መቀመጫ ሥር በመካከሉ ግንድ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር፣ ከዲናሞውም መቆሚያ በታች ያለውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ወልውለን ከሊብሬው ጋር አስተያየን፤ አንድ ሆኑ።

ወጣቱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ የሞተች መኪና በአይሱዙ አስጭኜ ገሰራ ብገባ ሰዉ ምን ይለኛል?» አለኝ።

«ሞተሩን አራት ብሎን ፈትተህ ከአንድ ሰው ጋር ታወርደዋለህ፤ ጠረጴዛ ላይም ታኖረዋለህ። የሰማያዊቱን ወለል ግን የት ታወርደዋለህ?» አልሁት።

ዝም አለ፤ ቆይቶም ዋጋ ጠየቀ። ከሰማያዊቱ ዋጋ ግማሽ አይሞላም ነበር። ከመደበው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠውን ለግዢ እንዳያውል አስቀድሜ አስምዬው ስለ ነበር፣ ቀሪው ለፒስተንና ለፋሻ፣ ለፍሬንና ለጎማ ተረፈ። ፍሬኑን ከሞተሩ በፊት እንዲሠራው አጥብቄ ነግሬዋለሁ፤ ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ሲሊንደር እንደማይታመን ማንም መካኒክ ይመሰክራልና።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ አሰልቺ ነው፣ ነገር ግን ሰው የሚከስረው በዚሁ ነው። ሻጩ በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን፣ መኪናይቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን፣ ዓመታዊ ምርመራዋና ቦሎዋ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተቋረጠ፣ ውዝፉንም ማን እንደሚከፍል ሳይጣራ ቀብድ አይከፈልም። ሞተር ተለውጦ ከሆነ ለውጡ በሊብሬው ላይ የተመዘገበ መሆን አለበት። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረማል እንጂ በሻይ ቤት አይፈረምም። ሻጩ «ወንድሜ፣ እንተማመን» ሲል የሚከፋው ገዢ እንዳይኖር፤ መተማመኑ ከፊርማው በኋላም ይደርሳል።

መኪናይቱ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፋ፣ ዲንሾን ተሻግራ ሮቤ፣ ከዚያም ገሰራ ገባች። ከአይሱዙው ላይ ስትወርድ ተሰብስበው ያዩ ሰዎች መሳቃቸው አልቀረም፤ ዞር ብሎ የሚያያት ይኑር ያለው ልጅ ምኞቱን ቀድሞ አገኘ። በሳምንቱ ሞተሩን አወረዱት። ነፋስ የሚያስገባው ክፍል ውስጥ የአይጥ ጎጆ ተገኘ። ከአራቱ ሲሊንደሮች በዘይት ማቀዝቀዣው የተነሣ አየር የሚያንሰው፣ በዚህ ሞተር ዘወትር ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ነው፤ እዚህም የጭስ ማውጫው ቫልቭ የተቃጠለው የዚያው የሦስተኛው ነበረ። ሌሎቹ ደኅና ናቸው። የሞተሩ ዋና ዘንግ ሲሳብና ሲገፋ የሚኖረው ልቅነት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ለክቶ ሲያመጣልኝ 0.11 ሆኖ አገኘነው።

ባለፈው ቅዳሜ በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ጆንያ ከተደረደረበት ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ፒስተኖቹ በተራ በተራ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም ቁጥሩ በኖራ ተጽፎለታል። ወጣቱ እጁ እስከ ክንዱ ድረስ በግራሶ ጠቁሮ፣ አንድ ኮምባይነር የሚጠግን ጎረቤቱን ስለ ቫልቭ ክፍተት ያስረዳው ነበር። ለእህል የመጣ ገዢ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔም ገዢውን እንዳይረሳው አሳስቤው መንገዴን ቀጠልሁ።